ድንኳን የማይተከልለት ሀዘን

ሰው ሲሞትብን ምን ማድረግ እንዳለብን እናውቃለን። ጡሩምባ ይነፋል፣ አሁን አሁን ደግሞ በቴሌግራም ይለቀቃል። የእድሩ ልጆች ድንኳን ይተክላሉ። ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ሳህኑ ከእድር ቤት ይወጣል። ጎረቤት ንፍሮ ይጥዳል። ሀዘንተኛው ፍራሽ ላይ ቁጭ ይላል፤ ማንም "በል ተነስና ወደ ስራህ" አይለውም። ካለቀሰ "ተዉት ይውጣለት" ይባላል፣ ካላለቀሰ ደግሞ ሰው ሁሉ ይሰጋል። አልበላም ቢል በግድ ይጎረሳል። ብቻውን አያድርም። ነገሩ ቀንም አለው፤ ሰልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ዘንድም ስርዓቱ ይለይ እንጂ ያው ነው፤ ቤቱ በሰው ይሞላል፣ ምግቡ ከጎረቤት ይመጣል፣ ዱዓ ይደረጋል።

አሁን ከስራ የተባረረውን ሰው አስቡት። ሰርጓ ሊደርስ ወር ሲቀረው የተተወችውን። አከራዩ "ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ጨምር፣ ካልሆነ ልቀቅ" ያለውን። ለእነሱ ምን እናደርጋለን? "አይዞህ፣ እግዜር ያውቃል" ብለን ስልኩን እንዘጋለን። ሰውየው በማግስቱ ሱሪውን ለብሶ ይወጣል፣ እንደምን አደርክ ሲሉት "ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ይላል፣ በቃ። ሆዱ ውስጥ ያለው ለቅሶ ድንኳን የለውም፣ ንፍሮ የለውም፣ አርባም የለውም።

እንዲህ ያለው ነገር በአንድ ቀን በመቶ ሺህ ቤት ሲገባ ያየንበት ጊዜም አለ። የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ጥር 2015 ላይ ሲነገር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ከተፈታኙ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ማለትም ከሰላሳ ተማሪ ሃያ ዘጠኙ አላመጣም። በዚያ ሰሞን በየቤቱ በር ዘግቶ የተኛ ልጅ ነበር። ስለ ትምህርት ጥራት ብዙ ተከራክረናል፣ ያ መልካም ነው። የተኙት ልጆች አጠገብ ፍራሽ ዘርግቶ ቁጭ ያለው ግን ስንቱ ነው? እኔ የማውቃቸው ቤቶች ውስጥ የነበረው "የእገሌ ልጅ አልፏል" የሚል ንጽጽር ነው።

ስለ ጭንቀት ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚቀርብልን ጥሩና መጥፎ ተብሎ የተከፈለ ዝርዝር ነው። ጫት መጥፎ፣ መጠጥ መጥፎ፣ ስፖርት ጥሩ፣ ጸሎት ጥሩ። አልቃወምም። ግን ያ ዝርዝር ሰው ለምን ወደ መጥፎው እንደሚሄድ አይነግረንም። እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ታናሽ ወንድሜ አንድ የጤና ፕሮጀክት ላይ ነበር የሚሰራው። ጥር 2017 ላይ የአሜሪካ መንግስት የውጭ እርዳታውን ሲያቆም፣ በዚያ ገንዘብ የሚንቀሳቀሰው ሁሉ ቀጥ አለ። ጤና ሚኒስቴር ብቻውን በዚሁ ገንዘብ በኮንትራት የቀጠራቸውን 5,000 ያህል ሰራተኞች ውል አቋረጠ። የወንድሜ ስራ ያለቀው ደግሞ በአንድ ኢሜይል ነው። ለማንም አልተናገረም። ጠዋት ጠዋት ሸሚዙን ተኩሶ፣ ቦርሳውን አንግቶ ይወጣል። እናታችን ምሳ ትቋጥርለታለች። ማታ ባዶ ምሳ እቃ ይዞ ይመለሳል። "ስራ እንዴት ዋለ?" "ደህና ነው እማዬ።"

የታወቀበት በምሳ እቃው ነው። አንድ ቀን ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሊስትሮ በር አንኳኳ። "እማማ፣ ይሄን ትናንት ረስቶት ነው" ብሎ ምሳ እቃውን አቀበላት። ከዚያ ደግሞ፣ ልጅ አይደል፣ "ሽሮው ግን የሐሙሱ ይሻላል፣ ትናንት ጨው በዝቶበታል" አላት። እናቴ ቆማ ቀረች። ለካ ወንድሜ የሚውለው ጫት ቤት ነው፤ ጫት ደግሞ የምግብ ፍላጎት ይዘጋልና ምሳውን ሲበላለት የከረመው በር ላይ የተቀመጠው ሊስትሮ ነው።

በኋላ ወንድሜን ሳወራው የገረመኝ ስለ ቅጠሉ ብዙም አለማውራቱ ነው። የሚያወራው ስለ ቤቱ ነው። ገብተህ ጫማህን ታወልቃለህ፣ ፍራሽ ላይ ትቀመጣለህ፣ ሰው "ግባ ግባ፣ ና እዚህ" ይልሃል፣ ማንም ለምን ስራ አልገባህም ብሎ አይጠይቅህም፣ ዝም ብትልም ዝም ብለህ ነው፣ ብታወራም የሚሰማህ አለ። ፍራሽና ሰው! እኔ ይህን ስሰማ የታየኝ ለቅሶ ቤት ነው። እኛ ያልተከልንለትን ድንኳን ልጁ ሄዶ በርጫ ቤት አገኘው።

ችግሩ የዚያኛው ድንኳን ሂሳብ ነው። ትኩስ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ነገር ከአምፌታሚን ጋር የሚዛመድ አነቃቂ ነው። ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ ኃይሉን ያጣል፤ ከአወዳይ የሚነሱት መኪኖች ሞት እንደሚያባርራቸው የሚበሩትም ለዚህ ነው። ምርቃናው ሲመጣ ሰውየው ባለ ራዕይ ነው። ወንድሜ በዚያች ሰዓት ሁለት ድርጅት ከፍቶ አንዱን ለውጭ ባለሀብት ሲሸጥ ይውላል። ሲመሽ ምርቃናው ይወርዳል፣ ድብርቱ ይገባል፣ እንቅልፍ እምቢ ይላል። ስለዚህ ጨብሲ። ሁለት ሶስት ድራፍት። አልኮል ደግሞ ቶሎ ያስተኛል እንጂ እንቅልፉን አይጠብቅልህም፤ የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ይበጣጥሰዋል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዓይን ቦግ። ያ ኢሜይል እንደገና ፊት ለፊት። ጠዋት ሲነሳ ደክሞታል፣ ሃራራው ይዞታል፣ ኪሱ ሳስቷል። ያስጨነቀው ነገር ግን አንዲት ጣት አልተነቃነቀም።

እኔ አንድን መወጫ የምመዝነው በዚህ ነው። በማግስቱ ጠዋት ችግሩ ያው ሆኖ ሌላ ችግር ከተጨመረበት፣ ያ መወጫ አይደለም፣ ብድር ነው። አራጣ።

የውርርድ ቤቱም ያው ነው፣ ያውም ይብሳል። ብር ያጣ ሰው አምስት ጨዋታ ያለበት ቲኬት ይቆርጥና ቅዳሜ ማታ የማያውቃቸው ሁለት የፖርቹጋል ቡድኖች ላይ ልቡን ሰቅሎ ያመሻል። ለዚያች ሰዓት ኪራዩን ይረሳል፣ እውነት ነው። እሁድ ግን ኪራዩ አለ፣ ብሩ የለም። ስልክ ላይ መንጋደድም፣ ቲክቶክ ላይ ሰው ሲሰዳደብ እያዩ እስከ ስምንት ሰዓት ሌሊት መቆየትም ከዚህ የራቀ አይደለም፣ ርካሽ ስለሆነ ብቻ ነው የማንቆጥረው።

ሌላው የማንቆጥረው ንዴትን ቤት ይዞ መምጣት ነው። አለቃ የጮኸበት አባወራ ልጆቹ ላይ ይጮሃል፣ እመቤቷ ከታክሲ ሰልፍ የያዘችውን ብስጭት ሰራተኛዋ ላይ ትወጣለች። "ልቤን ተነፈስኩ" ይባላል። አይተነፍስም። ብራድ ቡሽማን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ተማሪዎችን ሆን ብሎ አናደደ። ከፊሎቹ ያናደዳቸውን ሰው እያሰቡ የቦክስ ከረጢት እንዲደበድቡ አደረገ፣ ከፊሎቹ ሌላ ነገር እያሰቡ መቱ፣ ከፊሎቹ ደግሞ ምንም ሳያደርጉ ዝም ብለው ተቀመጡ። ያ ሰው ፊታቸው ድቅን እያለ የደበደቡት ከሁሉም በላይ ተናደው ተገኙ። ዝም ብለው ቁጭ ያሉት ንዴታቸው ያነሰ ነበር። እንግዲህ ሳህን የምንወረውር ሰዎች እናስብበት።

ቡናስ? ቡና እወዳለሁ፣ አቦል ቶና በረካ ሳይደርስ የምነሳ ሰው አይደለሁም። ጎረቤት ተሰብስቦ የሆድን ማውራት ከብዙ ነገር ያድናል። ግን አንዳንድ ቡና አለ። አቦል ላይ ያ ሰው ምን እንዳደረጋት ታወራለች። ቶና ላይ ያንኑ ታወራለች። በረካ ላይ ያንኑ፣ አሁን ግን እናቱም ተጨምራ። እኛም "ውይ! እንዲህ አለሽ? እኔ ብሆን..." እያልን እሳቱን እናራግባለን። ሲኒው ሲሰበሰብ ልጅቷ ከመጣችበት ብሳ ትሄዳለች። ለቅሶ ቤት ውስጥ እኮ እንዲህ አይደለም። አልቃሽ ታለቅሳለች፣ ከዚያ አንድ ሽማግሌ "በቃ፣ በቃ፣ ይበቃል" ይላል፣ ወሬው ወደ ኑሮ ውድነት ይዞራል፣ ይሳቃል እንኳ። ያ "በቃ" ነው ከቡናችን የጎደለው።

ስለ "በቃ" ካነሳሁ፣ የስነ ልቦና ባለሙያዎች የሚሰጡት አንድ ምክር መጀመሪያ ስሰማው አስቆኝ ነበር። ለጭንቀትህ ሰዓት ቁረጥለት ይላሉ። ለምሳሌ ማታ ከአስራ ሁለት ሰዓት እስከ አስራ ሁለት ተኩል። ቀን ላይ ሀሳቡ ሲመጣ "አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ና" ትለዋለህ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ደግሞ ከልብህ ቁጭ ብለህ ትጨነቃለህ። ቀልድ ይመስላል፤ ግን አርባ እና ሰማንያስ ምንድን ናቸው? ሀዘንን "አትዘን" አላልነውም፣ ቀን ቆረጥንለት እንጂ።

መጻፍም እንዲሁ። ጄምስ ፔንቤከር የሚባል የአሜሪካ የስነ ልቦና ሰው በ1986 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ተማሪዎችን ለአራት ተከታታይ ቀን፣ በቀን 15 ደቂቃ፣ ያሳመማቸውን ነገር እንዲጽፉ አደረገ። ጽፈው እንደጨረሱ ወዲያው ባሰባቸው እንጂ አልቀለላቸውም። በቀጣዮቹ ወራት ግን ስለ ተራ ነገር ከጻፉት ይልቅ ክሊኒክ የሄዱት ጥቂት ጊዜ ነው። እኔ ይህን የማደርገው በአሮጌ የሂሳብ ደብተር ጀርባ ነው፣ ለማንም አላሳይም፣ ፊደሉም አይነበብም። መልሳችሁ ለማንበብ ብላችሁ አትጻፉ፣ ለራሳችሁም ቢሆን ታስመስላላችሁ።

ወንድሜን ያወጣው ግን ጽሁፍ አይደለም። ታች ፎቅ ላይ የሚኖሩ እማማ ናቸው። በኮንዶሚኒየም ህይወት ወሬ ከሊስትሮ አፍ ወጥቶ ሶስተኛ ፎቅ ለመድረስ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። ማታ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በፌስታል ትንሽ ቡናና ስኳር ይዘው መጡ። ወንድሜ ክፍሉ ነበር። ተጠርቶ ሲመጣ እንዲህ አሉት፦ "ልጄ፣ ሀዘን ላይ ነህ አሉኝ። ልደርስህ ነው የመጣሁት።"

በቃ ይህን ብቻ ነው ያሉት። "ለምን ደበቅህ" የለም፣ "እናትህን አታስብም" የለም፣ "የእኔ ልጅ እንዲህ ሆኖ ነበርና እንዲህ አድርጎ" የለም። ተቀመጡ። ወንድሜ ሰላሳ ምናምን ዓመቱ ነው፣ አባታችን ሲሞት እንኳ ወንድ ነህ ተብሎ እንባውን ሲውጥ የነበረ ልጅ ነው። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ። እማማ መቁጠሪያቸውን እያንቀሳቀሱ ዝም አሉ። ቡናው ሲደርስ አንዱን ሲኒ ራሳቸው አንስተው ሰጡት።

ሊሄዱ ሲሉ ነው ዋናውን የተናገሩት። "እንጦጦ ማርያም ጠዋት መሄድ ፈልጌ ጉልበቴን አሞኛል። ነገ ትወስደኛለህ?" ጉልበታቸውን የምር ያማቸዋል፣ ግን እሳቸው ሚኒባስ ላይ ስንት ወጣት ገፍተው እንደሚገቡ ሰፈሩ ያውቃል። ልጁ ጠዋት የሚነሳበት ምክንያት ሰጡት። አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ይቅማል፣ አልዋሽም። ግን ያችን ዳገት ሲወጣ ከርሟል፣ እንቅልፉም ተመልሷል፣ ለእማዬም የሚያስጨንቀውን ይነግራታል፣ አንዳንዴ ከሚገባው በላይ።

የዚምባብዌውን ነገር ስሰማ እማማ ናቸው ትዝ ያሉኝ። ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የአእምሮ ሐኪም በ2006 እ.ኤ.አ. ሀራሬ ውስጥ ምባሬ በሚባል ሰፈር 14 አያቶችን አሰልጥኖ ስራ ጀመረ። አያቶቹ ክሊኒክ ግቢ ውስጥ የእንጨት አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ ሀሳብ ያበዛ ሰው መጥቶ አጠገባቸው ይቀመጣል፣ ያወራል፣ ከችግሮቹ አንዱን ይመርጡና ምን ይደረግ ይላሉ። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት ከስድስት ወር በኋላ እነዚያ ሰዎች በተለመደው መንገድ ከታከሙት ይልቅ ቀሏቸው እንደተገኙ ያሳያል። የእኛ አያቶች ምን ጎደላቸው? አግዳሚውም አለ።

ግን አያት የማይችለው ነገር አለ፣ እሱን ደፍሬ ልናገር። ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ምንም ነገር ካላስደሰተህ፣ እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለህ፣ ብሞት ይሻላል የሚል ሀሳብ ከመጣብህ ደግሞ አንድ ቀንም ሳትጠብቅ፣ ሐኪም ቤት ሂድ። አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ስለነበረ ስሙ ስድብ ሆኖ ቀርቷል፤ "አማኑኤል ይወስዱሃል" እየተባልን ነው ያደግነው። ዛሬ የአእምሮ ህክምና ክፍል ያላቸው ሌሎች ሆስፒታሎችም አሉ፣ አማኑኤልም ቢሆን ሰው ታክሞ ወደ ስራው የሚመለስበት ቤት ነው። ጸበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፣ እኔም እጠመቃለሁ። መድኃኒት አስጥሎ ጸበል ብቻ የሚል ካለ ግን እሱን አትስሙት። የስኳር መድኃኒት አቁም የሚል ሰው ስንት ጉድ ያመጣል?

ደግሞ ሰው ድንኳኑን ከየት ያመጣል የሚለውም አለ። በ2016 ፒያሳ አካባቢ ያሉ ሰፈሮች ሲነሱ እድሩም አብሮ ተበተነ። አርባ ዓመት አንድ ግቢ የኖረ ሰው አዲስ ኮንዶሚኒየም ገብቶ የጎረቤቱን ስም አያውቅም። ቤይሩትና ሪያድ ያሉት እህቶቻችን መርዶ ሲመጣባቸው የአገር ልጅ ተሰብስቦ ያረዳቸዋል፣ ያስተዛዝናቸዋል፤ አሰሪዋ ደመወዟን ስትከለክላት ግን ልጅቷ በኢሞ ደውላ "ደህና ነኝ እማ" ብላ ትዘጋለች። ያቺን "ደህና ነኝ" ሁላችንም እናውቃታለን።

እና ባለፈው የብሎካችን እድር ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁ። አባል ሲሞት ወይም ቤተሰብ ሲሞትበት እንደምንሄደው፣ ከስራ ሲፈናቀልም ሁለት ሰው ይላክ አልኩ። ብር አልጠየቅሁም። ቡናና ስኳር ይዞ የሚሄድ ሁለት ሰው።

የእድሩ ዳኛ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። "ልጄ፣ በዚህ ዘመን በተባረረ ሁሉ ከወጣን እኛስ መች ስራ እንገባለን?" ቤቱ ሳቀ። አንድ ከኋላ የተቀመጡ አባት ግን አልሳቁም። "ሰውየው ደብቆ ቢሆንስ?" አሉ። "ሚስቱ ሳትሰማ እናንተ ስኳር ይዛችሁ በር ልታንኳኩ ነው?" ይሄ ከባድ ጥያቄ ነው፣ መልስም አላገኘሁለትም። ሴቶቹ "ከታወቀ ብቻ ይሁን" አሉ፣ ወንዶቹ "ማን ያሳውቅ" አሉ፣ አንዱ "ሊስትሮውን እንቅጠር" ብሎ እኔን እያየ ሳቀ። በመጨረሻ ጸሐፊው "ለሚቀጥለው ስብሰባ ይደር" ብሎ ጻፈው። የእናንተ እድር እንዲህ ያለ ነገር ሞክሮ የሚያውቅ ከሆነ፣ የኋለኛውን አባት ጥያቄ እንዴት እንደመለሳችሁ ጻፉልኝ፤ ስብሰባው ወሩ በገባ በመጀመሪያው እሁድ ነው።